ጉልበቴ ከዳኝ

 

በዚህ ሳምንት የማጫውታችሁ ስለ አንድ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ብዙዎች «አምስቱ ቲቤታውያን» ይሉታል። ከዮጋ ጋር ይመሳሰላል። አምስት እንቅስቃሴዎች ብቻ ናቸው፤ መሣሪያ አይፈልጉም፤ አንድ ምንጣፍ የምታህል ቦታ ትበቃቸዋለች። ወደ እነሱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አንድ የአማርኛ ቃል ላንሣ። የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ቃል ነውና።

ቃሉ «ጉልበት» ነው። እንደ እኔ ውጭ አገር ያደጋችሁ ከሆነ መጀመሪያ የተማራችሁት እግር ላይ የሚታጠፈውን ጉልበት ይሆናል። ልጅ ሆነን ስንወድቅ «ጉልበቴ ተላጠ» ብለን እናለቅስ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ትልቅ ሰው «ዛሬ ጉልበት የለኝም» ሲል እንሰማለን። ግራ ይገባናል። ሁለት ጉልበት አለው እኮ! ጉልበት ማለት ኃይል፣ ብርታት ማለትም እንደሆነ የምንማረው በኋላ ነው። «የጉልበት ሥራ»፣ «ጉልበተኛ» የሚሉት ቃላት የመጡት ከዚሁ ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራቱ አሁን አሁን ትክክል ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት በስቅለት ዕለት እናቴ «ጉልበቴ ከዳኝ» አለችኝ። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሁለቱንም ነበር።

ስቅለት ከፋሲካ በፊት ያለው ዓርብ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይሰገዳል። ስግደት አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ከቆመበት ይንበረከካል፣ መዳፉን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ያስነካል፣ ከዚያ ይነሣና እንደገና ይቆማል። ይህን ደጋግሞ ያደርገዋል። እናቴ 69 ዓመቷ ነው። የዚያን ዕለት ሦስት ጊዜ ሰገደች። በአራተኛው መነሣት አቃታት። አጠገቧ የነበሩ ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አነሷት። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ብቻ ዝቅ ከፍ ታደርግ ነበር። መኪና ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችም። ቤት ደርሰን ጫማዋን ሳወልቅላት ነው ያን ያለችኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የተሰበረ ነገር የለም። ጉልበቷ ውስጥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርገው ልም አጥንት በዕድሜ ሳስቷል፤ ይህ በእሷ ዕድሜ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው። ሐኪሙን ያሳሰበው ግን ሌላ ነበር። «ጡንቻዋ ደክሟል» አለ። እናቴ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራችው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ነው። በቀን ስምንት ሰዓት በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ መቀመጥ! ከዚያ ቤት ስትመጣ ሶፋ ላይ መቀመጥ። የሰው ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ካልሠሩበት የበለጠ ይፈጥናል። ከወንበር የሚያነሣን፣ ደረጃ የሚያወጣን፣ ከመሬት የሚያነሣን የጭናችንና የመቀመጫችን ጡንቻ ነው። እሱ ሲደክም ጫናው ሁሉ ጉልበት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የታዘዘላት መድኃኒት እንቅስቃሴ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጥንካሬንና ሚዛንን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

ጂም ላስመዝግባት አልኩ። «በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሳ ጋር ብረት ላነሣ ነው?» አለችና ወሬው በዚያው አበቃ።

ስለ አምስቱ ቲቤታውያን የነገረችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። በየቀኑ ጠዋት አሥር ደቂቃ ትሠራለች። ለእናቴ ከማሳየቴ በፊት ራሴ ልሞክረው ብዬ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ደንቡ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሦስት ጊዜ ብቻ ሥሩ ይላል። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት እየጨመሩ ሃያ አንድ እስኪደርሱ መሄድ ነው። ብታሰሉት አሥር ሳምንት ይወስዳል። እኔ ግን ገና 41 ዓመቴ ነው፣ ሦስት ምን ያደርግልኛል ብዬ በመጀመሪያው ቀን ሃያ አንድ ሠራሁ። በማግስቱ ካልሲ ማጥለቅ አልቻልኩም። አራት ቀን ወገቤን ይዤ ዋልኩ። እናቴ ዝንጅብል አፍልታ እያመጣችልኝ «ይሄን ነው ለእኔ ያሰብሽልኝ?» ትለኝ ነበር።

ሲሻለኝ ከሦስት ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«ይሄ የማን ጸሎት ነው?»

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ብዙ ቤተሰቦቻችን ስለ ዮጋ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። እንቅስቃሴው የሌላ እምነት አምልኮ ቢሆንስ? ልጆች «ስፖርት ነው እኮ» ብለን እናልፈዋለን፤ እነሱ ደግሞ አልተመለሰልንም ብለው ዝም ይላሉ። እናቴ ለእምነቷ ስትል ስግደቷን ማጣቷ ያስለቀሳት ሴት ናት። ስለዚህ የማውቀውን ሳይሆን የተጣራውን ልነግራት ፈለግሁ፤ መነሻውን ፍለጋ ጀመርኩ።

ያገኘሁት ይህን ነው። እነዚህ አምስት እንቅስቃሴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የታተሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 በአሜሪካ ነው። ጸሐፊው ፒተር ኬልደር ይባላል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመገለጥ ዓይን» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ታሪኩ ልብ ይሰቅላል። ኮሎኔል ብራድፎርድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝ ጦር መኮንን አሉ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። በሂማላያ ተራሮች ውስጥ መነኮሳት የወጣትነትን ምስጢር ያውቃሉ ሲባል ሰምተው ይሄዳሉ። ገዳሙን ያገኙታል፤ አምስቱን ሥርዓቶች ይማራሉ፤ ሲመለሱ ሰው እስኪጠራጠራቸው ድረስ ወጣት ሆነው ይመጣሉ። በሰውነት ውስጥ የሚሽከረከሩ ሰባት የኃይል ማዕከሎች አሉ፣ እንቅስቃሴው እነሱን ያፈጥናል ይላል መጽሐፉ። በ1985 በሌላ ርዕስ እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ።

ችግሩ ኮሎኔሉ በእርግጥ የነበሩ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አለመገኘቱ ነው። ገዳሙም ስም የለውም። እንቅስቃሴዎቹ በ1939 ከዚያ መጽሐፍ በፊት በቲቤት ጽሑፍ ውስጥ በዚህ መልክ ተገኝተዋል የሚያሰኝ ነገርም የለም። ከሕንድ ዮጋ ጋር የሚመሳሰል ብዙ ነገር ግን አላቸው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «እንግዲያው ቲቤታውያኑ አሜሪካውያን ናቸው በይኛ!»

ቲቤታውያን የራሳቸው የሰውነት እንቅስቃሴ የላቸውም ማለት ግን አይደለም። አላቸው፤ ጥንታዊም ነው። ትሩልኮር ይባላል። እንቅስቃሴን ከትንፋሽ ጋር ያጣምራል፤ ትንፋሽ መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚወጣ በጥንቃቄ የተደነገገ ነው። ለብዙ ዘመን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በምስጢር ይተላለፍ ነበር። በላሳ ከተማ ከፖታላ ቤተ መንግሥት በስተጀርባ ሉካንግ የሚባል ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ፤ በላይኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ እነዚህን አቀማመጦች የሚሠሩ ሰዎች ተሥለዋል። ወደ ምዕራቡ ዓለም ካመጡት ሰዎች አንዱ ቾግያል ናምካይ ኖርቡ ናቸው። በ1938 በምሥራቅ ቲቤት ተወለዱ፤ በ1960ዎቹ ጣሊያን ገብተው በኔፕልስ ዩኒቨርሲቲ የቲቤትን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያንትራ ዮጋ በሚል ስም ይህንኑ ትምህርት በግልጽ አስተማሩ። በ2018 አረፉ።

ያ ትምህርት ለቡድሃ እምነት ተከታዮች የመንፈሳዊ ሕይወታቸው ክፍል ነው። ማሾፊያ ወይም ማስታወቂያ መሆን የለበትም። «ያኛው የእነሱ ጸሎት ነው፤ እኔ ምንጣፉ ላይ የምሠራው ግን ያ አይደለም» አልኳት። እናቴ በእኔ ቃል ብቻ የምትረካ ሰው አይደለችም፤ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። እሳቸውም «ስትሠሪው በልብሽ ምን ትያለሽ?» አሏት። «እቆጥራለሁ» አለች። «እንግዲያው ቁጠሪ» ብለው ሳቁ። በሌላ ቤት ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ያንንም አከብራለሁ። እኔ የምለው ወላጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ እውነተኛ መልስ ይዛችሁ ቅረቡ ነው። «ሺህ ዓመት የኖረ የቲቤት ምስጢር» የሚለውን ማስታወቂያ ብደግምላት ኖሮ እናቴ እስከ ዛሬ ወንበሯ ላይ ነበረች።

አሁን ወደ እንቅስቃሴዎቹ።

የመጀመሪያው መሽከርከር ነው። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሁለቱን እጅ በትከሻ ልክ ወደ ጎን መዘርጋት፣ ከዚያ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ባሉበት መዞር። ልጄ ይህን በጣም ትወደዋለች። እናቴ ግን አልሠራችውም፤ እኔም እንድትሠራው አልፈቀድኩም። በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ሦስት ሦስት ጠባብ ቦዮች አሉ፤ አንጎላችን ሚዛናችንን የሚያውቀው ከእነሱ ነው። ስንዞር ፈሳሹ ይዞራል፤ ስንቆም ግን ወዲያው አይቆምም፤ ለዚህ ነው ቤቱ የሚዞርብን። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጨዋታ ነው፤ ለ69 ዓመት ሴት መውደቅ ነው። በእሱ ፋንታ እናቴ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በአንድ እጇ ይዛ በአንድ እግሯ እስከ አሥር ትቆማለች፤ ከዚያ በሌላው። ዓላማው ያው ሚዛን ነው።

ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ነው። መዳፍ ወደ መሬት፣ እጅ ከጎን። ትንፋሽ እያስገባችሁ ራሳችሁን ቀና፣ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ፤ ሁለት እግራችሁን ደግሞ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ። ትንፋሽ እያወጣችሁ ቀስ ብሎ መመለስ። ሆድን ያጠነክራል። እኔን ወገቤን ያሳመመኝም ይኼው ነው፤ የሆድ ጡንቻ ሲደክም የታችኛው ጀርባ ከመሬቱ ይነሣና እግሩን ወገብ መሸከም ይጀምራል። ጉልበታችሁን ብታጥፉት ይቀላል። አሁንም ግማሹን የምሠራው ጉልበቴን አጥፌ ነው።

ሦስተኛው መንበርከክ ነው። ተንበርክካችሁ እጃችሁን ከኋላ ጭናችሁ ላይ ታደርጋላችሁ፤ መጀመሪያ አገጭ ወደ ደረት፣ ከዚያ ደረትን ከፍቶ ወደ ኋላ መለጠጥ። ስልክ ላይ አጎንብሰን ለምንውል ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነው። አንገትን ወደ ኋላ መጣል ግን አያስፈልግም። ላያችሁት ሁሉ እነግረዋለሁ፤ አንገት የሚጣል ዕቃ አይደለም። እናቴ ተንበርክካ መቆየት ስለሚያማት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው ደረቷን የምትከፍተው።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእናቴ ነገሩን የቀየረው እሱ ነውና። እግራችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ በሁለቱ እግሮች መካከል አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ክፍተት ይኑር። መዳፋችሁን ከዳሌያችሁ ጎን መሬት ላይ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ጉልበታችሁን እያጠፋችሁ ዳሌያችሁን ወደ ላይ ታነሣላችሁ፤ ሰውነታችሁ እንደ ጠረጴዛ ይሆናል፤ እጅና እግራችሁ የጠረጴዛው እግሮች ናቸው። አንድ አፍታ ሁሉንም ጡንቻ አጥብቆ መያዝ፣ ከዚያ መመለስ። የመቀመጫ ጡንቻ፣ የጭን የኋላ ክፍል፣ የክንድ የኋላ ክፍል አብረው ይሠራሉ፤ ከፊት ደግሞ ትከሻና ደረት ይሳባሉ። ጥንካሬና መተጣጠፍ በአንድ እንቅስቃሴ የሚገኙት በዚህ ነው። አንዱ ወገን ሲጨማደድ ሌላው ወገን ይዘረጋል።

እናቴ ጠረጴዛውን አልቻለችውም፤ የእጅ አንጓዋ አመማት። ስለዚህ በጀርባዋ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ እግሯን ረግጣ፣ ዳሌዋን ብቻ ታነሣለች። እሷ «ድልድይ» ብላ ሰየመችው። በመጀመሪያው ሳምንት ዳሌዋ ከፍራሹ የተነሣው አንድ ጣት ያህል ነው። «አሁን ይሄ ሥራ ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ግን መቀመጫዋን አመማት፤ አሞኛል ስትለኝ ደስ አለኝ። ለሃያ ዓመት ተቀምጣበት የከረመችው ጡንቻ ነቅቷል ማለት ነው።

አምስተኛው ከሁሉም የሚያምረው ነው። በመዳፍና በእግር ጣቶች ተደግፎ፣ ሆድ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ደረት ቀና ብሎ ይጀመራል። ከዚያ ዳሌን ወደ ላይ እየሰቀሉ ሰውነትን እንደ ጎጆ ጣሪያ ማድረግ። ዮጋ የሠራችሁ ሁለቱንም አቀማመጥ ታውቋቸዋላችሁ፤ ውሻ ከእንቅልፉ ሲነሣ ሲንጠራራ ያየም ያውቃቸዋል። ትከሻ ይጠነክራል፤ የጭን የኋላ ጅማት ይሳባል፤ ባት ይሳባል። ባት ማለት ከጉልበት በታች ከኋላ ያለው ወፍራም ሥጋ ነው። ተረከዛችሁ መሬት ባይነካ ምንም አይደለም፤ የእኔም ከብዙ ወራት በኋላ አይነካም። ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ ጀርባችሁን ማስረዘም ይበልጣል። ሕፃን ልጄ ስለነበረች የኋላ ጅማቷ እንደ ላስቲክ ነው፤ እያየኋት እቀናለሁ።

ይህን ስሠራ ነው እናቴ «ቆይ፣ ይሄማ ስግደት ነው» ያለችው። ልክ አይደለችም፣ ልክም ናት። ስግደት ጸሎት ነው፤ ይህ አይደለም። ሰውነት ግን ሁለቱንም የሚሠራው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። ዳሌ ይታጠፋል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ መዳፍ ክብደት ይሸከማል፣ ከዚያ ሁሉም ተባብረው መልሰው ያነሣሉ። አያቶቻችን ጂም ሳይሄዱ በሰባ ዓመታቸው ከመሬት ብድግ ይሉ የነበረው ዕድሜ ልካቸውን መሬት ድረስ ሲወርዱና ሲነሡ ስለኖሩ ይመስለኛል፤ በዱካ ተቀምጠው፣ ቡና አፍልተው፣ ሰግደው፣ አጎንብሰው አርመው። እኛ ወንበር ላይ ወጣን፤ ከዚያ መውረድ ረሳን።

እናቴ አምስተኛውን የምትሠራው የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ይዛ ነው። እጇን እዚያ ታደርግና ወደ ኋላ ትራመዳለች፤ ጀርባዋ ከወለሉ ጋር እኩል እስኪሆን ታጎነብሳለች። ወጥ ሲንተከተክ ሁሉ ትሠራዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የደም ግፊታችሁ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና ካደረጋችሁ፣ የአንገት ወይም የዲስክ ችግር ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ራስን ከልብ በታች ዝቅ ማድረግ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል። ሹል ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ከመጣ ማቆም ነው። ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም፤ እኔ በአራት ቀን ዋጋ ተምሬዋለሁ።

ስለ ጥቅሙም ከልክ በላይ ቃል አልገባላችሁም። መጽሐፉ ሽበት ይጠቁራል ይላል። የእኔ አልጠቆረም፤ ይልቅ ጨምሯል። የሳሳ ልም አጥንት ተመልሶ አይወፍርም። ልብንና ሳንባንም በበቂ ሁኔታ አያሠራም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረውን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ አይተካም። ዮጋን በተመለከተ ግን ጥሩ ነገር አለ። በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለረጅም ጊዜ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት ነገሮች መካከል ዮጋን አስገብቶታል። በጥናቶቹ የታየው ለውጥ ተአምር አይደለም፤ መጠነኛ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ግን መጠነኛ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ስለ ቆጠራው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ማታ እናቴ ድልድዩን ስትሠራ «ቁጠሪልኝ» አለቻት። ልጄ በእንግሊዝኛ ጀመረች። እናቴ ዳሌዋን ፍራሹ ላይ ጣለችና «በዚህ ቋንቋ ሰውነቴ አይሠራም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆጠራው በአማርኛ ሆነ። መጀመሪያ ሳምንት ሦስት ብቻ ስለነበር ቀላል ነበር። አምስት ሲሆን ቀላል። ሰባት ላይ ሲደርሱ ጭቅጭቅ መጣ፤ ልጄ ሰባትንና ስምንትን ታቀያይራለች። ስለዚህ እናቴ አንዳንድ ቀን አንድ ሳትሠራ ታልፋለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንድ ትጨምራለች። በየሳምንቱ ሁለት ቁጥር መጨመሩ ቋንቋ ለሚማር ልጅ እንዲህ የተመቸ መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር። እናቴ ዘጠኝ ላይ ቆማለች፤ ከዚያ በላይ አትፈልግም፤ ሐኪሟም ይበቃሻል ብሏታል። ልጄ ግን ከእኔ ጋር እየሠራች ሃያ አንድ ደርሳለች። አሁን «አሥራ ዘጠኝ» ስትል ጉሮሮዋ አይደናቀፍም። ባት፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ አገጭ የሚሉትንም ታውቃለች። ቁርጭምጭሚትን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ አልፈርድባትም።

እናቴ ከጀመረች ዘጠኝ ወር ሆናት። የቀረችባቸው ቀናት አሉ፤ በክረምቱ በጉንፋን ምክንያት ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነካችውም፤ ሲሻላት ከሦስት ጀመረች። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ሳትደገፍ መነሣት ከጀመረች ቆየች። ደረጃ ስትወርድ ግን አሁንም ጉልበቷን ያማታል፤ አሁንም የደረጃውን ድጋፍ ትይዛለች።

ይህን የምጽፍላችሁ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስቅለት ሊደርስ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቷል። ስለ እሱ አናወራም። ትናንት ማታ ግን ከእራት በኋላ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ቆመች። ወንበር ስባ አጠገቧ አደረገች። ቀስ ብላ ተንበረከከች። መዳፏን አሳረፈች። ግንባሯን አስነካች። ከዚያ አንድ እጇን ወንበሩ ላይ አድርጋ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ማንም ሳይነካት ተነሣች።

ልጄ ከሶፋው ላይ ሆና «አንድ!» አለች።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ዞር ብላ አየቻት። «ቆይ እንጂ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ» አለቻት።